ጀሶው ከተፈታ በኋላ ያለው ሕክምና የማን ነው?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ አጥንት ስብራት በተወራ ቁጥር ክርክሩ «ወጌሻ ይሻላል ወይስ ሐኪም?» የሚል ነው። ጎጃም ውስጥ ይህ ክርክር በቀላሉ አያልቅም፤ እኛም ልንቋጨው አልተነሣንም። የተረሳው ጥያቄ ሌላ ነው። አጥንቱ ከገጠመ በኋላ ጉልበቱ እንዲታጠፍ፣ ክርኑ እንዲዘረጋ፣ የከሳው ባት እንዲመለስ የሚያደርገው ማን ነው? በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም በፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴና በልምምድ በሚሰጥ ሕክምና) ሙያ የምንሠራ ሰዎች ነን። ወደኛ ከሚመጣው ታካሚ ብዙው ስብራቱ ድኖለት፣ ራጁም ጥሩ ሆኖ፣ እንጀራ ከምጣድ ማውጣት ወይም ዕርፍ መጨበጥ የተሳነው ነው። ስብራቱ ሳይሆን ከስብራቱ በኋላ በከንቱ ያለፉት ሳምንታት ናቸው እዚህ ያደረሱት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አጥንት ዕረፍት ይፈልጋል። በተሰበረ በመጀመሪያው ሳምንት ስብራቱ መካከል ደም ይረጋል፤ በ2ኛውና በ3ኛው ሳምንት ለስላሳ መጋጠሚያ ይሠራል፤ ከ6ኛው ሳምንት ወዲህ እየጠነከረ ይሄዳል። የዐዋቂ ሰው የእጅ አንጓ 6 ሳምንት ገደማ፣ ቅልጥም ከ3 እስከ 4 ወር አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ የጭን አጥንት ቢያንስ 3 ወር ይፈልጋል። ሕፃናት በግማሹ ይድናሉ፤ ሲጋራ የሚያጨስና የስኳር ሕመም ያለበት ይዘገያል። መገጣጠሚያን ግን ዕረፍት ይጎዳዋል። የአጥንቶቹን ጫፍ የሸፈነው ልም አጥንት የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው መገጣጠሚያው ሲታጠፍና ሲዘረጋ ከሚዘዋወረው ፈሳሽ ነው። ዙሪያውን የከበበው ሽፋን ሳይለጠጥ ሲከርም ያጥራል፣ ጅማት ካጠገቡ ካለው ሥጋ ጋር ይጣበቃል፣ ጡንቻም በ2 ሳምንት ውስጥ በዐይን እስኪለይ ይከሳል። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒ መጀመር ያለበት ጀሶው በታሰረበት ዕለት ነው፤ ሲፈታ ከሆነ ዘግይቷል።

በጀሶ ውስጥ ያልገባ መገጣጠሚያ ሁሉ ይሠራ። አንጓው የታሰረ ሰው ጣቶቹን እስከ መዳፉ አጥፎ ይዘርጋ፣ አውራ ጣቱን ካራቱ ጣቶች ጫፍ ጋር በየተራ ያገናኝ፣ ክርኑን ይጠፍ ይዘርጋ፣ ክንዱን ከራሱ በላይ ያንሣ። ይህን ነቅቶ ባለበት ጊዜ በየሰዓቱ 10 ጊዜ። ክንዱን በሻሽ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ 6 ሳምንት የተቀመጠ ሰው፣ በተለይ ዕድሜው ከ50 ካለፈ፣ የተሰበረው አንጓው ሆኖ የደረቀው ትከሻው ይሆናል፤ ትከሻውን ማላቀቅ ደግሞ አንጓውን ከማዳን የባሰ ወራት ይፈጃል። እግሩ የታሰረ ሰው ጭኑን ያሠራ፤ በጀርባው ተጋድሞ ጉልበቱን ወደ አልጋው ተጭኖ የጭኑን ጡንቻ ይወጥር፣ 5 ቆጥሮ ይልቀቅ፣ 10 ጊዜ ይድገም፣ በቀን 4 ወይም 5 ዙር። «አጥንቱ ይነቃነቅብኛል» ብሎ የሚፈራው ብዙ ነው። ይህ እንቅስቃሴ ጡንቻውን ያጠነክራል እንጂ መገጣጠሚያውን ከቦታው አያንቀሳቅስም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅም ሆነ እግር ከልብ ከፍታ በላይ በትራስ ወይም በተጠቀለለ ጋቢ ይደገፍ። ተኝቶ የሚውል ሰው ባቱ በአንድ ወገን ካበጠና ካመመው፣ ይልቁንም ትንፋሽ ካጠረው፣ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ይታይ። የቁርጭምጭሚት ወደ ላይና ወደ ታች እንቅስቃሴ በየሰዓቱ 10 ጊዜ ማድረግ ይህን ለመከላከል ይረዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ይግባ። ጀሶም ሆነ የወጌሻ ቀርከሃ ከልክ በላይ ሲጠብቅ እጅ እግር ያሳጣል። ጣቶች ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከነጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ማስታገሻ ያልበገረው ሕመም እየባሰ ከሄደ፣ ሌላ ሰው ጣቱን በዝግታ ሲዘረጋለት የማያስችል ስቃይ ካለ፣ «እስኪነጋ እንይ» አይባልም። በታፈነ ጡንቻ ውስጥ ደም መዞር ካቆመ 6 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ የሞተው ጡንቻ አይመለስም። የቀርከሃው ገመድ እዚያው በዚያው ይፈታ፤ ጀሶ ከሆነ ባስቸኳይ ከላይ እስከ ታች የሚሰነጥቀው ጤና ተቋም ይፈለግ። በዚህ ጊዜ እግሩን ከፍ አድርጎ መስቀል ይጎዳል፤ በልብ ትክክል ይቀመጥ።

ሰፋ አድርገን ልንጽፍበት የምንፈልገው ክርን ነው። ቶሎ ከሚደርቁት መገጣጠሚያዎች አንዱ እሱ ነው፤ ሲነካካም ይቆጣል። ዶቅማ ሊለቅም ዛፍ ላይ ወጥቶ የወደቀ ልጅ ክርኑ ከላይ በኩል ይሰበራል። ጀሶው ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ሲፈታ ክርኑ አልዘረጋ ይላል። ቤተሰብ ይደነግጣል፤ ቀጥሎ የሚደረገው ሁለት ነገር ነው። ወይ በቅቤ ያሳሹታል፣ ወይ «ይዘርጋልህ» ብለው ውኃ የሞላ ባልዲ ያስይዙታል። ሁለቱም ያጠፋሉ። ከክርን ፊት ለፊት ያለው ጡንቻ በቀጥታ አጥንቱ ላይ የተኛ ነው፤ አጥንቱ ሲሰበር እሱም ይቆስላል፣ ይደማል። በዚህ ቁስል ላይ እሽት ወይም ጉተታ ሲጨመርበት ደሙ ወደ ሥጋነት በመመለስ ፈንታ አጥንት ያበቅላል። ምልክቱ ይታወቃል፤ እየተላቀቀ የነበረው ክርን ድንገት ይቆማል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ሲነካ ጠጠር ያለ ነገር ይገኝበታል፤ ከ3 እና 4 ሳምንት በኋላ በሚነሣ ራጅ ላይም ነጭ ሆኖ ይታያል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው፣ አንዳንዴም በቀዶ ሕክምና ያልቃል። የደረቀ ጠፍር በጉልበት ሲጎትቱት ይበጠሳል፤ አርሰው ቀስ እያሉ ሲስቡት ይለሰልሳል፤ ክርንም እንዲሁ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ልጅ ከሆነ ሥራውን ለልጁ መተው ነው። ፊቱን በዚያ እጅ ይታጠብ፣ በዚያ እጅ ይጉረስ፣ ትከሻውን ይንካ፣ ኳስ ይያዝ። በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኛው እንቅስቃሴ ራሱ ይመለሳል፤ የመጨረሻዎቹ ዲግሪዎች እስከ አንድ ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ። ዐዋቂ ከሆነ ጊዜ የለውም፤ ስብራቱ በብረት ከተያዘ በ1 ወይም 2 ሳምንት ውስጥ፣ ያለ ብረትም ሐኪሙ ከፈቀደ ከ3 ሳምንት ሳያልፍ መንቀሳቀስ ይጀምር። በጀርባው ተጋድሞ ክንዱን ወደ ጣሪያ አቅንቶ የፊት ክንዱን በራሱ ክብደት ወደ ግንባሩ ያውርድ፣ 10 ጊዜ። ለመዘርጋት መደብ ላይ ወይም ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ከክርኑ ከፍ ብሎ ከክንዱ ሥር የተጠቀለለ ጋቢ ያድርግ፤ መዳፉን ወደ ላይ አዙሮ ክንዱ በራሱ ክብደት 5 ደቂቃ ይዘርጋ። ምንም አይጨመርበት፤ ሰው አይጫነው። ከ30 እስከ 130 ዲግሪ ያለው እንቅስቃሴ ከተመለሰ አብዛኛው የቀን ሥራ ይሠራል፤ እንጀራ ቆርሶ ለመጉረስ የሚፈለገው መታጠፍ ከዚህ የሚበልጥ አይደለም።

ለወጌሾች ያለን ቃል ይህ ብቻ ነው፤ የተሰበረ ክርን አይታሽ። የሕዝቡ እምነት ያለምክንያት አልመጣም። ወጌሻው ቤት ድረስ ይሄዳል፣ በየሁለት ቀኑ ያያል፣ ያበረታል። በነጭ ካፖርት የምንሠራው ይህን አናደርግም፤ ወቀሳውም ይገባናል።

አንጓን በተመለከተ ጀሶው ሲፈታ ቆዳው መላላጡና ክንዱ መክሳቱ አያስደነግጥ። ሙቀቱ በጤነኛው እጅ በተሞከረ ለብ ያለ ውኃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይነከር፤ ቅባት ይቀባ። ከዚያ ሥራ ነው። ሁለቱን መዳፎች እንደ ጸሎት ገጥሞ ክርኖቹን ቀስ እያሉ ወደ ውጭ ማንሣት፣ እስኪወጥር፣ 20 ወይም 30 ሰከንድ መያዝ፣ 5 ጊዜ። መዳፍን ለመገልበጥ የሚያስፈልገው ዕቃ ከኩሽና አይጠፋም፤ ጭልፋ። ክርን ከጎን ጋር ተጣብቆ በ90 ዲግሪ ይታጠፍ፣ የጭልፋው እጀታ አጠር ተደርጎ ተይዞ ወደ ላይ ይቁም፤ ከዚያ በዝግታ ወደ ውጭ ይጋደም፣ ይመለስ፣ ወደ ውስጥ ይጋደም። የጭልፋው ራስ ክብደት አንጓውን እያሳሳቀ ይወስደዋል። ሲቀል ከጭልፋው ራስ ራቅ አድርጎ መያዝ፣ ሲከብድ ወደ ጭልፋው ራስ ቀረብ አድርጎ መያዝ ነው። ክርኑ ከጎን ከተለየ ግን የሚዞረው ትከሻ ነው፤ ታካሚው የተሻለው ይመስለዋል፣ አንጓው ግን ባለበት ነው። እርጥብ ጨርቅ መጭመቅና ሊጥ ማሸት ለጭብጥ ጥሩ ናቸው። ክብደት የሚጀመረው ሐኪሙ መግጠሙን በራጅ ካየ በኋላ ሲሆን፣ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውኃ ይጀመራል፤ ያ ግማሽ ኪሎ ነው። ቀጥሎ አንድ ሊትር። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ከስብራቱ 3 ወር ሳይሞላ አይነሣ። እጁ የሚያቃጥል ሕመም ይዞት ቆዳው አብለጭልጮ ካበጠና በላብ ከራሰ ማሳረፍ ያባብስበታል፤ ቶሎ ለባለሙያ ይታይ፣ እጁም ከሥራ አይውጣ።

ጉልበት ላይ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ትራስ ነው። ጭኑ ወይም ጉልበቱ የተጎዳ ሰው ከጉልበቱ ሥር ትራስ ሲደረግለት ስለሚመቸው እንደዚያው ይከርማል፤ ጉልበቱም ተጣጥፎ ይቀራል። ያልተዘረጋ ጉልበት ደግሞ ካልታጠፈው ይልቅ ለመራመድ ያስቸግራል። ትራሱ ተረከዝ ሥር ይሁን፤ ጉልበቱ በአየር ላይ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ። ለማጠፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩ ሥር ፌስታል አድርጎ ተረከዙን ወለሉ ላይ ወደ ኋላ ማንሸራተት ነው፤ ፌስታሉ መጎተቱን ያቀለዋል። በየዙሩ ከ10 እስከ 15 ጊዜ፤ መጨረሻው ላይ 10 ቆጥሮ መቆየት። መሻሻሉን ለማወቅ ተረከዙ ከመቀመጫው በስንት ስንዝር፣ ቀጥሎም በስንት ጣት እንደሚርቅ በየሳምንቱ ይለካ።

ሜዳ ላይ ለመራመድ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ መታጠፍ ይበቃል፤ ከዝቅተኛ መቀመጫ ለመነሣት ከ100 በላይ ይፈለጋል። ቀኑን ወንበር ላይ ለሚያሳልፍ ሰው 110 ዲግሪ ተርፎት ያድራል። ዱካ ላይ ለሚቀመጥ፣ ጉድጓድ መጸዳጃ ለሚጠቀም፣ በዐቢይ ጾም ለሚሰግድ የጎጃም ሰው ግን አይበቃውም፤ ቁጢጥ ለማለት 130 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። እስከዚያ ድረስ መሐሉ የተበሳ ወንበር አናጺ ሠርቶ ጉድጓዱ ላይ ቢያስቀምጥለት ሁለት ችግር ይፈታል፤ ታካሚው አይወድቅም፣ ወደ ደጅ መውጣት ፈርቶ ውኃ መጠጣትም አይተውም።

ስለ መርገጥ የሚሰማው ምክር የተምታታ ነው። «የእገሌ ልጅ በሁለት ሳምንቱ ረገጠ» ይባላል። የእገሌ ልጅ ጭኑ ውስጥ ረጅም ብረት ገብቶለት ከሆነ ቶሎ መርገጥ ብዙ ጊዜ ይፈቀድለታል፤ አጥንቱ ጎን ላይ በብሎን የተያዘ ብረት ያለው ሰው ግን ከ6 እስከ 12 ሳምንት መጠበቅ ሊኖርበት ይችላል። መጠኑን የሚወስነው ያከመው ሐኪም ነው። «20 ኪሎ ብቻ ርገጥ» ከተባለ ደግሞ 20 ኪሎ ምን ያህል እንደሆነ እግር አያውቅም፤ መማር አለበት። ጤነኛው እግር ከሚዛኑ እኩል ከፍታ ባለው እንጨት ላይ ይቁም፤ የተጎዳው ሚዛኑ ላይ ሆኖ ቀስቱ 20 እስኪደርስ ይጫን፣ ይልቀቅ፣ ይድገም። የጤና ጣቢያ ሚዛን ለዚህ ይበቃል።

ክራንች የመለካቱ ነገር ችላ ይባላል። በብብትና በክራንቹ አናት መካከል 2 ወይም 3 ጣት ክፍተት ይኑር፤ መጨበጫው እጅ ወደ ታች ሲንጠለጠል አንጓ በሚደርስበት ቦታ ይሁን፤ ጫፉ ከእግር ጣቶች ወደ ጎንና ወደ ፊት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ክብደት የሚወርደው በመዳፍ ነው። በብብቱ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ነርቩን ይጫንና አንድ ቀን አንጓው ወደ ታች ወድቆ አልነሣ ይለዋል፤ እግሩን ሊያድን እጁን ያጣል። ከባሕር ዛፍ በአናጺ የተሠራ ክራንች ልኩ ከተጠበቀ ምንም አይወጣለትም፤ ጫፉ ላይ ግን ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ይመታበት፣ ያለዚያ በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ ሁለተኛ ስብራት ያመጣል። ዳገት ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ቁልቁለት ሲወርድ ክራንቹና የተጎዳው እግር ይቀድማሉ። ወደ ነጠላ ዱላ ወይም መቋሚያ ሲደረስ የሚያዘው ከተጎዳው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። ሁሉም በተሳሳተው እጅ ይይዘዋል ብንል ብዙም አላጋነንን።

ቁርጭምጭሚት ተንጠልጥሎ 6 ሳምንት ከቆየ ተረከዝ መሬት አይነካም፤ በጮቄ ዙሪያ ባለ ዳገት ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ማለት ከቤት መቅረት ነው። አልጋ ላይ እያለ የእግሩ መዳፍ በሳንቃ ተደግፎ በ90 ዲግሪ ይቁም። ጀሶው ከወጣ በኋላ ነጠላ ከጣቶቹ ሥር አዙሮ ጉልበቱን ዘርግቶ ወደ ራሱ ይሳብ፣ 30 ሰከንድ፣ 5 ጊዜ። መርገጥ ሲፈቀድ በግድግዳ ይለካል፤ ተረከዝ ሳይነሣ ጉልበት ግድግዳ እንዲነካ አድርጎ አውራ ጣትን ቀስ በቀስ ከግድግዳው ማራቅ፣ ርቀቱንም ከጤነኛው እግር ጋር ማስተያየት። 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥሩ ነው።

ወለምታ ላይ ባጭሩ፦ ወዲያው አራት እርምጃ መራመድ ያልቻለ፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት የኋላ ጠርዝ ሲጫኑት የሚያመው ሰው ራጅ ይነሣ። ስብራት ከሌለው የመጀመሪያዎቹን 2 ወይም 3 ቀናት አይታሽ፣ ሙቅ ነገር አይነካው፤ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይደረግበት፣ በፋሻ ይታሰር፣ ከፍ ይበል። ከዚያ በእግሩ አውራ ጣት አየር ላይ ከሀ እስከ ፐ ይጻፍ። ሕመሙ ሲቀል በአንድ እግር 30 ሰከንድ መቆምን ይለማመድ። ያው እግር ደጋግሞ ወለም የሚለው ጅማቱ ስለላላ ብቻ አይደለም፤ ሚዛን መጠበቅን ሳይለማመድ ወደ ሥራ ስለተመለሰ ነው።

ምን ያህል ሕመም ይፈቀዳል? ከ0 እስከ 10 ቢለካ እስከ 3 ወይም 4 የሚደርስ፣ ልምምዱ ካበቃ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚበርድ ሕመም ጤናማ ነው። በማግስቱ ጧት እብጠቱ ከጨመረ ግን በዝቷል፤ ቁጥሩ በግማሽ ይቀነስ እንጂ ልምምዱ አይቋረጥ። ሕመም ጭራሽ አልነካም ያለ ሰው አይላቀቅም፤ ጥርሱን ነክሶ የሚጎትትም እንዲሁ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን። ከቢቸና ወይም ከደጋ ዳሞት በሳምንት 3 ጊዜ ለ30 ደቂቃ ልምምድ ባሕር ዳር ድረስ መመላለስ አይቻልም። ስለዚህ ሕክምናው ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ቤት ውስጥ እንዲሠራ ደግሞ ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ የሚያስታምመው ሰው ባለበት ልምምዱ አንድ ጊዜ በእጅ ይታየው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚያሠለጥናቸው ባለሙያዎች በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ጭምር ቢመደቡ፣ ታካሚው በየ2 ወይም 3 ሳምንቱ አንድ ጊዜ ቀርቦ መታየት ይችላል። አካሉ ለጎደለና የተለየ ድጋፍ ለሚሻ ሰው ባሕር ዳር ያለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል መኖሩ ይነገረው፤ ብዙው አያውቀውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ፤ የመውጫ ወረቀቱ። አሁን የሚሰጠው ወረቀት አንድ ቀጠሮና አለመርገጥን የሚያመለክት ባለ ሦስት ፊደል የእንግሊዝኛ ምሕጻር ይዞ ይወጣል፤ ገበሬው ኪሱ ውስጥ አጥፎ ያኖረዋል። በእሱ ፈንታ በአማርኛ፣ በሚነበብ ጽሕፈት፣ እንዲህ ያለ ነገር ይጻፍልን፦ «ቀኝ ቅልጥም። እስከ ኅዳር 15 ጭራሽ አይርገጥ፤ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 15 ድረስ 20 ኪሎ። ጉልበትና የእግር ጣቶች ከዛሬ ጀምሮ በየሰዓቱ ይንቀሳቀሱ። አይታሽ። ራጅ ኅዳር 14። ጣቶች ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ቀጠሮ ሳይጠብቅ፣ ሌሊትም ቢሆን ይምጣ።»

በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም የምንሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች